የጥራጊው ክፍል

የሠርግ ወራት ሲቃረብ ፒያሳ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይበዛል፤ ወርቅ የሚገዛና ወርቅ የሚገዛ ለመምሰል የለበሰ። የእኔ እንጀራ ሁለቱን በሩቁ መለየት ነው። ከፈረሰው ፒያሳ በተረፈችው መንገድ፣ ወርቅ ቤት በር ላይ ቆሜ «ግቡ፣ ቀለበት እዩ፣ ማየት በነፃ ነው» እላለሁ። ባለሱቆቹ አምዴ ይሉኛል። ደንብ አስከባሪ «አንተ» ይለኛል። ሙሽሮች ጭራሽ አያዩኝም። ዓምደሚካኤል ብሎ ሙሉ ስሜን የሚጠራ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ወጣት መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ጫማዋን አየሁት፤ ጥቁር ነው፣ ጫፉ ላይ ጠመኔ ነክቶታል። አስተማሪ ናት፣ አትገዛም አልኩ በሆዴ። ልክ ነበርኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሜላት እባላለሁ፤ ሳይንስ ነው የማስተምረው» አለች። «ድሮ እዚህ አካባቢ ባዚቃ፣ ማለቴ ሜርኩሪ፣ የሚያቃጥል የወርቅ መሥሪያ ነበር ይባላል። አንድ መምህር ተማሪዎቻቸውን በእሱ ጉዳይ አከራክረውበታል። ሥልጠና ላይ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ቦታውን ካገኘሁት ተማሪዎቼን ላመጣ ብዬ ነው።»

«አሰልጣኝሽ ማን ይባላል?»

«ጋሽ ተክላይ።»

ይህን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁት ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። በሆዴ ያልጠራሁበት ቀን ግን የለም፤ ያውም በመልካም አይደለም።

«ቤቱን አውቀዋለሁ» አልኳት። «ሰውየውን ይዘሽው ነይ፤ የቆመበትን አሳያችኋለሁ።»

የፈለግኩት ቤቱን ላሳየው አልነበረም።

አባቴ ገብረትንሣኤ ወርቅ ሠሪ ነበር። ሱቁ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ፊቱ መሸጫ፣ ኋላው መሥሪያ። መሥሪያው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁለት የመሥሪያ ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የአባዬ ነው፤ ሌላው የአያቴ የነበረ። ከየጠረጴዛው ጠርዝ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ሠሪው ሲቀመጥ ቆዳውን ጭኑ ላይ ያነጥፈዋል፤ ከሞረዱ የሚረግፈው የወርቅ ብናኝ እዚያ ላይ ይቀራል። የአያቴ ወንበር ባዶ ነው፤ ቆዳውም ተጠቅልሎ ታስሯል። የሚጠብቀው እኔን ነበር። በእኛ ቤት ደንብ የበኩር ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ በዕንቁጣጣሽ፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ አባቱ እጁን ይዞ ያስቀምጠዋል። አያቴ አባዬን እንዲያ አድርጎ አስቀመጠው፤ ቅድመ አያቴም አያቴን። የሰፈሩ ልጅ ብስክሌት ሲመኝ እኔ ያንን ወንበር እመኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ «የቀጥቃጭ ልጅ» ይሉኛል። እናቶቻቸው የአባዬን የእጅ ሥራ ጆሮና አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ ልጆቻቸው እኔን ቀጥቃጭ ይላሉ። ይህን ቂም እስከ ዛሬ አልተውኩትም፤ የመተውም ሐሳብ የለኝም። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩ ቀን ግን ሁሉም አፋቸውን የሚዘጉ ይመስለኝ ነበር።

ከአባዬ ጋር ካላዩ የሚባል ሠራተኛ ነበር፤ የአክሱም ሰው፣ ቀልደኛ።

«ጌታው፣ መቼ ነው አለቃዬ የምትሆነው?» ይለኛል።

«ለዕንቁጣጣሽ።»

«አደራ፣ ስትሾም ደሞዜን እንዳትረሳ። አባትህ እንደሁ ጆሮው አይሰማም።»

አባዬ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል «ይሰማል» ይላል።

ካላዩ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ያም ሆኖ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ይፈሳል። ለእኔ የሚንቀጠቀጠው አባዬን ስለሚፈራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ አባዬ ፊት ሲያንጎራጉርና ሲያሾፍ የሚውል ሰው ምኑን ፈራው?

የወርቅ መሥሪያ ወለል እንደ ሰው ቤት ተጠርጎ አይደፋም። ጥራጊው በጆንያ ይጠራቀማል፤ የእጅ መታጠቢያው ዝቃጭ እንኳ ሳይቀር። በዓል ሲቃረብ ይቃጠላል፣ አመዱ ይታጠባል፣ ከዚያ ባዚቃ ይደረግበታል። ባዚቃ እንደ ብር የሚያበራ ፈሳሽ ነው፤ የወርቅ ብናኝ ባለበት ሁሉ እየሮጠ ለቅሞ ይይዘዋል። የሚቀረው እሳት ላይ ጥዶ ባዚቃውን ማትነን ነው። እሱ በጭስ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ይህ የሚሠራው ከመሥሪያው ጀርባ ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ነበር። የጥራጊ ክፍል እንላታለን።

በእኛ ቤት አንድ እምነት ነበር፤ ጭሱ ወርቅ ይዞ ይወጣል። አያቴ እንዲያ ብሎ ሞተ፣ አባዬም አመነ። ስለዚህ ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር አይታሰብም። እንዲያውም ሲቃጠል በሩ ሥር ያለችው ክፍተት በእርጥብ ጨርቅ ትደፈናለች። ደፋኙ እኔ ነኝ፤ ያውም ከውስጥ፣ ከካላዩ ጋር። ጣቶቼ ቀጫጭን ስለሆኑ ጨርቁን ጥግ ድረስ እገፋዋለሁ። ካላዩ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ «አንዲት ብናኝ ካመለጠች ከጆሮህ ላይ ነው የምቆርጣት» ይለኛል። ያኔ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል። የወርቅ ጣዕም ነው ብዬ እንዳይባክን ምራቄን እውጠዋለሁ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ስኖር ነው ተክላይ የመጣው።

ተክላይ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተምረን ነበር። ከሲታ፣ አንገተ ረጅም፣ ኮቱ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው የኖረበት የሚመስል። እስከዚያ ዓመት ድረስ እንደ ሌሎቹ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እንገለብጣለን፣ ደወል ይደወላል። አንድ ጊዜ ሥልጠና ተብሎ ጠፋና ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። የአልጋ አንሶላ የሚያክል ወረቀትና ባለቀለም ማርከር ይዟል። ወንበሮቹን በክብ አስደረደረን። ዘበኛው በመስኮት አየንና «ምነው፣ ለቅሶ አለ እንዴ?» አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ መልሱን እኔ አልነግራችሁም» አለ ተክላይ።

«ቲቸር፣ ታድያ ማን ይነግረናል?» አለች አስማ። አባቷ ከፒያሳ በታች ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ናቸው፤ እሷም ከሕፃንነቷ ባንኮኒ ኋላ ያደገች፣ ምላሷ የማይታጠፍ ልጅ ነበረች።

«እናንተ ናችሁ የምታመጡት። ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ አይደለም ያለው። ሰፈራችሁ ውስጥ ነው። አንዱን ስታነሡ አንዱ የሚወድቅበት ጉዳይ አለ፤ እሱን ነው የምንማረው።»

ሥልጠናው ውስጥ መልሱን ረስቶት መጥቷል ማለት ነው ብዬ ሳቅኩ። አጠገቤ ያሉትም ሳቁ። ስለ ተክላይ ካሰብኩት ሁሉ እስከ ዛሬ የማልመልሰው ይህን ነው፤ የማያውቀውን ነገር በሰው ልጅ ላይ ሞክሯል።

በዚያው ሰሞን ሱቃችን መመላለስ ጀመረ። ከትምህርት ቤት በኋላ ይመጣል፣ አባዬ መጋረጃውን ይጋርዳል፣ ያወራሉ። «ምን ፈልጎ ነው?» ስል አባዬ «ቀለበት ሊያሠራ ነው» አለኝ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ አባዬን ሰማሁት።

«አንድ ጊዜ ከተቀመጠ አይነሣም» ይላል። «እኔ አልተነሣሁም። አባቴ አስቀመጠኝ፣ ይኸው እዚያው ነኝ።»

«ራስህ ብትነግረውስ?» አለ ተክላይ።

«አባቴ የሰጠውን እኔ ብነፍገው አባቴን መርገም ነው። ከራሱ አፍ ይውጣ።»

ስለ ቀለበቱ ፈርጥ የሚያወሩ መሰለኝ። ይህ ቋጣሪ መምህር ወር ሙሉ አንዲት ፈርጥ መምረጥ አቅቶት አባዬን ያደርቀዋል ብዬ ናቅኩት። ቀለበቱ አልተሠራም። የዚያን ዓመት ማንንም አላገባም። የተክላይ ጣት ዛሬም ባዶ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከሰኔ ፈተና በፊት ነው። ተክላይ ትልቁን ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጠፈና «አንድ ሰፈር አለ እንበል» አለ። «በሰፈሩ አንድ የወርቅ መሥሪያ አለ እንበል።»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። ተክላይ ያላየ መሰለ።

«መሥሪያው ባዚቃ ያቃጥላል። የባዚቃ ጭስ ሰው ይጎዳል። መሥሪያው ደግሞ ቤተሰብ ያበላል። ምን ይደረግ?» ከዚያ ድርሻ አደለን። ሐኪም፣ ቀበሌ፣ ሠራተኛ። «አስማ፣ አንቺ ወርቅ ሠሪው ነሽ። ዓምደሚካኤል፣ አንተ ልጁ የሚያስልበት ጎረቤት ነህ።»

«ቲቸር፣ እኔ ወርቅ ሠሪውን ልሁን።»

«የራስህን ወገን መከራከር ማንም ይችላል። ተነሥ።»

አልተነሣሁም። አስማ ግን ተነሣች። ነጠላዋን በወገቧ ዙሪያ እንደ ሽርጥ አሠረችና እጇን አመሳቀለች።

«ጎረቤት፣ ምን ሆነህ ነው በሬን የምታንኳኳው?» አለችኝ። «ልጅህ ያስለዋል አሉ። ሹራብ ግዛለት። የእኔ ቤት ቢዘጋ ስንት ሰው እንደሚራብ ታውቃለህ? ነው ወይስ ምቀኝነት ነው? ወርቅ መግዛት ስላቃተህ ነው?»

ክፍሉ አውካካ። አንዱ ከኋላ «ቀጥቃጭ ራሱን ሊከስ ነው» አለ። እዚያ ላይ ደሜ ፈላ። ለአባዬ ስል ላለመናገር ነበር ያሰብኩት፤ ነገር ግን ያቺ አፈኛ በራሳችን ሥራ፣ ምንም በማታውቀው ሥራ፣ እኔን ስታሸንፈኝ ማየት አልቻልኩም።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «እሷ የምታውቀው ጨርቅ መለካት ነው። ባዚቃ ሲቃጠል ጭሱ ነጭ አይደለም፣ አይታይም እንኳ። መስኮት የለም። ሠራተኛው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሻይ መያዝ አይችልም፤ ትናንት የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፈለት ሌላ ሰው ነው። አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። በሩ በእርጥብ ጨርቅ ይደፈናል።»

«ማን ነው የሚደፍነው?» አለች አስማ፤ ልታጠምደኝ።

«እኔ ነኛ።»

«አንተ ጎረቤት አይደለህ?»

«እኔ ነኝ የምደፍነው። ከውስጥ።»

የሚስቅ ጠፋ። አስማ እንኳ ነጠላዋን ፈታች። ቀና ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። የረሳሁትን እርሳስ ሊያቀብለኝ መጥቶ ነው አሉኝ። ሱፍ ለብሷል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ያኔ ነገሩ አልታየኝም። ለልጁ እርሳስ ሊያቀብል ሱፍ የሚለብስ ወርቅ ሠሪ የት ነው ያለው? ፊቱን ሳየው ግን አለቀልኝ አልኩ። ዞሮ ወጣ።

ተክላይ እጅ አስወጣን። ጥራጊ ማቃጠል ይቁም፣ ወደዚያ ክፍል ልጅ አይግባ ተባለ። በቀይ ማርከር ጻፈው፤ ሁላችንም ከሥሩ ፈረምንበት። እኔም ፈረምኩ። ለእኔ ያ ወረቀት የፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ቀበሌ ይወሰዳል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ አባዬ ይታሰራል ብዬ ጠበቅኩ። ፖሊስ አልመጣም። ከቀበሌም የመጣ የለም። ወረቀቱን ያን ክረምት የፈለገው ሰው ቢኖር የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ እቃ ልትጠቀልልበት።

ቤታችን ግን ፈረደ። በሳምንቱ ምድጃው ተነቀለ። የጥራጊ ክፍሏ በር ከነመቃኑ ተነሣ። አባዬ ካላዩን ደግፎ ሆስፒታል ሲያመላልሰው ከረመ፤ ከዚያ ወደ አገሩ ሸኘው። ካላዩ ሲሄድ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። «እንግዲህ አለቃዬ ሳትሆን ቀረህ» አለኝ፤ እየሳቀ። በእኔ አፍ ምክንያት የተባረረ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩበት።

አንድ ምሽት እናቴ፣ የሺ፣ ሰሐን እያጠበች ከአባዬ ጋር ታወራለች፤ ያንቀላፋሁ መስሏቸዋል።

«ይጠላሃል እኮ» አለችው።

«ይጥላኝ።»

«እስከ መቼ?»

«በጤና ይቁም እንጂ እስከፈለገው ድረስ ይጥላኝ።»

«ምክንያቱን ብትነግረው ምናለበት?»

«በምን ዓይኔ አይቼው ነው የምነግረው?» አለ አባዬ።

ስለ ካላዩ የሚያወሩ መሰለኝ። ካላዩ አባዬን ሊጠላው ይገባል ብዬም ፈረድኩ።

ዕንቁጣጣሽ መጣ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ አስገብቼ፣ ጸጉሬን በውሃ አበጥሬ፣ ሱቁ ሄድኩ። የአያቴ ጠረጴዛ የለም። ቆዳው የለም። ሲሚንቶው ላይ አራት የእግሩ ምልክቶች ብቻ ቀርተዋል። አባዬ አዲስ የገዛውን የመስታወት መደርደሪያ እየወለወለ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሠራው ወርቅ የለም፣ ሌላው የሠራውን ሲሸጥ ነው የሞተው።

«ወንበሩስ?» አልኩት።

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለሚፈልገው ሰው። አንተ ተማር።» ይህን ሲል የሚወለውለውን መስታወት ነበር የሚያየው እንጂ እኔን አይደለም።

ክፍል ውስጥ አፌን ስለከፈትኩ ቀጣኝ ማለት ነው። እኔም ቀጣሁት። ተማር አይደል ያለኝ? አልተማርኩም። በሰባተኛ ክፍልም ተክላይ የሚያስተምርበትን ክፍለ ጊዜ በግንብ ዘልዬ እያመለጥኩ ቸርችል ጎዳና ላይ ስዞር ዋልኩ። ስምንተኛን ወደቅኩ፣ ደገምኩ፣ ደግሜ ወደቅኩ፣ ተውኩት። ተክላይ አንድ ሁለቴ ቤት መጥቶ ነበር፤ እናቴ ሻይ አቀረበችለት፣ እኔ በጓሮ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ወርቅ ሠሪ አይደለሁም፣ የተማረም አይደለሁም። ወርቅ ቤት በር ላይ እቆማለሁ፤ ወርቁን በመስታወት አየዋለሁ። አባዬ ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ። እጄን ያዘ፣ ጣቶቼን ገለባብጦ አየ፣ አንዲት ቃል አልወጣውም። እስከ መጨረሻው ቂሙን አልተወም አልኩ። እኔም አልተውኩለትም።

ሜላት ሰውየውን ይዛው መጣች። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለ ኬክ ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ተክላይ አርጅቷል፤ ኮት ግን ዛሬም ይሰፋዋል። ማኪያቶውን ሳይነካ መስኮቱን ያያል፤ የሱቃችን ቦታ አሁን ባዶ ሜዳ ነው፣ ሣር ተተክሎበታል። እኔን አላወቀኝም። ስሜንም አልነገርኩትም።

«ታሪኩን ንገሩኝ» አልኩ። «የዚያ ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?»

እሱን ቀድማ ሜላት መለሰች። «ኢንጂነር ሆነ። የኬሚካል ኢንጂነር። አይደል ጋሽ ተክላይ? ሁሌ በዚያ ነው የሚጨርሱት፤ አዳራሹ ያጨበጭባል።»

ተክላይ ስኳር ማማሰል ጀመረ።

«አንተ» አልኩት። ጸጉሩ የነጣ ሰው ነው፣ መምህሬ ነበር፣ ሆን ብዬ ነው አንተ ያልኩት። «ኢንጂነሩ እኔ ነኝ። ወርቅ ቤት በር ላይ ቆሜ ሰው የምጠራ ኢንጂነር። አባቴን ክፍል ፊት አዋርደህ፣ ወንበሬን አስነሥተህ፣ አሁንም እኔን እያሳየህ ታስጨበጭባለህ?»

ሜላት ሁለታችንንም አየች። ተክላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ ጣቶቼን አየ፤ አባዬ እንዳያቸው አድርጎ።

«ዓምደሚካኤል» አለ።

«አዎ።»

«አባትህ አልነገረህም?»

«ምኑን?»

«ክርክሩን ያዘዘኝ እሱ ነው። ሱቁ ድረስ የተመላለስኩት ለእሱ ነው። ካላዩን አይቶ ፈርቶ ነበር። ‹ልጄን ከዚያ ወንበር አንሣልኝ፣ እኔ እምቢ ማለት አልችልም› አለኝ። የጎረቤቱን ድርሻ ለአንተ እንድሰጥ የመረጠውም እሱ ነው። ቆሞ ሊሰማህ፣ ኋላም ወደ ቤት ይዞህ ሊሄድና ሁሉን ሊነግርህ ነበር። ሱፉንም ለዚያ ነው የለበሰው።»

«ታድያ ለምን አልነገረኝም?»

«‹ከውስጥ› አልክ።»

አልገባኝም።

«አባትህ በሩን ከውጭ ሆነህ የምትደፍን ይመስለው ነበር። ከካላዩ ጋር አብረህ መዘጋትህን እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የሰማው። ወጥቼ ስፈልገው ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ባርኔጣውን እያዞረ ‹ከውጭ ይመስለኝ ነበር፣ ከውጭ ይመስለኝ ነበር› ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ቀስ ብሎ ይነግረዋል ብዬ ተውኩት።»

«አልነገረኝም።»

«ቤታችሁ ስመጣ በጓሮ ትወጣለህ። አባትህም አደራ ዝም በል አለኝ። እኔም አደራውን ጠበቅኩ።»

አባቴን የማውቀው በዝምታው ነው። ያን ዝምታ ቅጣት ብዬ ተሸክሜው ዞርኩ፤ ሥራ ስጠላበት፣ ሰው ስጠላበት፣ እሱ አልጋ ላይ ሆኖ ጣቶቼን ሲገላብጥ ፊቴን ሳጠቁርበት። አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ የተማረ፤ ሁለት ጎልማሶች መጋረጃ ጋርደው ስለ እኔ ተማከሩ። ጨርሰውም አንዱ ሌላው ይነግረዋል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህን ነው እንግዲህ ሥልጠና የሚሉት።

«ኢንጂነሩንስ ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ይጠይቁኛል» አለ ተክላይ፤ ድምፁ ወርዷል። «ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ ልጁስ ይላሉ። መጀመሪያ አላውቅም እል ነበር። ከዚያ እንዲሆን የምፈልገውን ነገርኳቸው።»

ሜላት ወደ እኔ ዞረች። እንደ ሌላው አስተማሪ የምታጽናናኝ መስሎኝ ስድብ አዘጋጅቼላታለሁ። እሷ ግን ጉዳዩን እንደ ተማሪ ጥያቄ አድርጋ ነው ያመጣችው።

«እርስዎ በአባትዎ ቦታ ቢሆኑ» አለችኝ፣ «ልጅዎን ወንበሩ ላይ ያስቀምጡት ነበር?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አባዬ አልጠየቀኝም፤ ተክላይ የጠየቀኝ የሌላ ሰው ድርሻ ሰጥቶኝ ነው። ለሁለቱም ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት መልስ ነበረኝ፤ እየመረጥኩ የምናገረው። አንዱም ለዚህ አልሆነም። ካላዩ ሸሚዙ ላይ ያፈሰሰው ሻይ መጣብኝ። ከምድጃው አጠገብ ቆሜ የዋጥኩት ምራቅ መጣብኝ።

«አላስቀምጠውም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። «ግን እነግረው ነበር። ቢያፍረኝም፣ ባፍረውም እነግረው ነበር።»

ተክላይ ከኮቱ ኪስ እስክሪብቶ አወጣና ናፕኪኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«ይህችን ለአዳራሹ አትጻፋት» አልኩት።